አራት ሰከንድ የዘገየ ከበሮ

እህትህ በሩ በተዘጋ፣ ስልክ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ወንድ በማይገባበት አዳራሽ የጨፈረችው ጭፈራ ከርሞ የሰፈርህ ወንድ ሁሉ ስልክ ላይ ቢገኝ፣ መጀመሪያ የማንን አንገት ትይዛለህ? በሩን የጠበቀውን? አደራውን በስሙ የተቀበለውን? ወይስ ጓዳ ተቀምጣ ምስሉን ስትቀጣጥል የከረመችውን፣ ስሟን እንኳ በወጉ የማታውቀውን ሴት? አትዋሽ። ትሪፖሊም አልዋሸችም፤ ሦስተኛዋን ያዘች።

ኢንቲሳር መያዟን የሰማችው እሑድ ጠዋት፣ በቀጭን የኮምፔርሳቶ ግድግዳ በኩል ነው። የአጎቷ የሐጅ ሙፍታህ የሠርግ ቪዲዮ ቤት አንደኛ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው እንግዳ መቀበያ ነው፤ ወርቅ ቀለም የተቀባ እግር ያላቸው ወንበሮች፣ የፕላስቲክ አበባና በትልቅ ፍሬም የተሰቀለ ቃል አለበት፦ «ከቀረጻ እስከ ኤዲቲንግ፣ በሴቶች እጅ ብቻ»። የኋለኛው ክፍል መስኮት የለውም። እዚያ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ስክሪን፣ ክንዱ በፕላስተር የተጠገነ የጆሮ ማዳመጫና የኢንቲሳር ዐሥራ አንድ ዓመት አለ። ያን ጠዋት ከመንገድ ዳር በሁለት ዲናር የገዛችው ስፊንዛ የሚሉት፣ በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ቂጣ ገና በጋዜጣ እንደተጠቀለለ ጉልበቷ ላይ ነበር፤ ዘይቱ ቀሚሷን ሲያርስ እንኳ አላወቀችውም። አጎቷ ማዶ ሆነው ከአንዲት ሙሽራ እናት ጋር በስልክ ያወራሉ። ድምፃቸው የቅናሽ ዋጋ ሲናገሩ የሚያወጡት ለስላሳ ድምፅ ነበር። ያወጣችው ልጅቷ ናት፣ ይላሉ። የእህቴ ልጅ ናት ብዬ አልሸፍናትም፣ ይላሉ። ዛሬ ዐሥር ሰዓት ከልጅዎ ጋር ይምጡ፤ እናንተው ፊት አሰናብታታለሁ፣ ይላሉ።

ከዚህ በፊት ያለው እንዲህ ነው። ዐርብ ዕለት የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ መዞር ጀመረ። ረባብ የምትባል ሙሽራ፣ ካገባች ሦስተኛ ሳምንቷ፣ በሴቶቹ ግብዣ ላይ ፀጉሯን ለቃ ስትጨፍር ያሳያል። ዐርብ ማታ ባልየው ሻንጣዋን በር ላይ አስቀመጠው፤ ቅዳሜ የእናቷ ቤት ነበረች። ቅዳሜውኑ ሐጅ ሙፍታህ የቪዲዮ ቤቱ ገጽ ላይ አራት መስመር ጻፉ፤ ጥፋቱን የፈጸመችው ሠራተኛ ማን እንደሆነች ታውቋል፣ ተገቢው እርምጃም ይወሰድባታል የሚል። ስም አልጠቀሱም። ምን ያደርግላቸዋል? እዚያ ቤት ምስል የምትቀጥል አንዲት ሴት ብቻ መሆኗን እሳቸው ዘንድ ሠርጓን ያስቀረጸች ሴት ሁሉ ታውቃለች። ከመስመሮቹ ሥር ስድስት መቶ ሰው ፈርዷል። ኢንቲሳር ሁሉንም አንብባለች፤ የልብ ምልክት ያደረጉትን ሳይቀር ቆጥራለች። የጎዳት ግን ያ አይደለም። የጎዳት ዐርብ ማታ ከረባብ የመጣ፣ ሁለት ቃል የሆነ መልእክት ነው፦ «አንቺ ነሽ?»

ሁለት ቀን ሙሉ አልመለሰችላትም። ምን ብላ? «አይደለሁም» ያላለ ሌባ መቼ ታይቶ ያውቃል?

ሐጅ ሙፍታህ ስልካቸውን ዘግተው በሩ ላይ ቆሙ። ሰምታ እንደሆነ አልጠየቋትም፤ እንደሰማች ከአንገቷ ማቀርቀር ያውቃሉ። ለጊዜው ነው አሉ። ነገሩ ሲበርድ፣ ምናልባት ከረመዳን በኋላ፣ በሌላ ስም ቤቷ ሆና ትሠራለች አሉ። ከዚያ ስፊንዛውን አይተው፣ ቀዝቅዞ ሳይጠነክር እንድትበላው መከሯት፣ አጎት ናቸውና። ወዲያው ደግሞ፦

«አንቺ ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ። ባንቺ ላይ ቢወርድ ይበርዳል። በኔ ላይ ከወረደ ይሄ ቤት ይዘጋል፤ እናትሽም የምትበላው ከዚሁ ቤት ነው።»

«አጎቴ፣ እኔ ያወጣሁት ይመስልዎታል?»

ሐጅ ሙፍታህ የበሩን እጀታ በመሐረባቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ። የሚመስለኝ ነገር ለማን ይጠቅማል ብለው፣ ዕቃዋን እንድትሰበስብና እስከ ዐሥር ሰዓት እንዳትርቅ ነግረዋት ወጡ። ስም የሚባለው ነገር እንዲህ ነው፤ ወንድ ሲያጎድፈው የቤተሰብ ምስጢር ይሆናል፤ ሴት ስትጠረጠርበት ማስታወቂያ።

ኢንቲሳር ያን ቪዲዮ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላየችውም ነበር። ስድስት ሴት ልካላታለች፤ አንዱንም አልከፈተችም። ማየት ከሚያዩት ጋር መቆጠር መስሏት ነው። አሁን ግን የሚሰበሰብ ዕቃ ከጆሮ ማዳመጫውና ከአንድ የውሃ ኩባያ በቀር ስላልነበራት፣ ማዳመጫውን ሰክታ ከፈተችው። ረባብ ትዞራለች፣ ፀጉሯ ይከተላታል፣ እጇን ከራሷ በላይ አንሥታ ታጨበጭባለች። ድምፅ የለም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ የጭብጨባው ድምፅ መጣ። ዘምዛማት የሚባሉት የሠርግ ዘፋኝ ሴቶች ከበሮ ላይ እጃቸው ይወርዳል፤ ከበሮው የሚሰማው ከበሮ መቺዋ እጇን አንሥታ ላቧን ስትጠርግ ነው። ከተማው በሙሉ ይህን አርባ ሰከንድ አይቷል። ሁሉም ዐይኑን ሰጠ፤ ጆሮውን የሰጠ አንድ ሰው አልነበረም። ኢንቲሳር ደግማ ከፈተችው። አራት ሰከንድ። ይህን አራት ሰከንድ እንደ ገዛ ሕመሟ ታውቀዋለች።

ያ ሠርግ በሁለት ካሜራ ነው የተቀረጸው። ድምፁ የተቀዳው ለብቻው፣ ዘፋኞቹ አጠገብ በተቀመጠች ትንሽ መቅጃ ነው። ኢንቲሳር ምስሉንና ድምፁን ስታጋጥም መጀመሪያው ላይ ልክ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ከበሮው ይዘገያል፤ ሰዓት ሲያልፍ የዘፋኞቹ አፍ ሌላ፣ ዘፈኑ ሌላ ይሆናል። ሁለት ቀን ድምፁን በየአምስት ደቂቃው እየቆረጠች በእጇ ጎተተችው፤ አንዱን ስታስተካክል ሌላው ያመልጣል። ፕሮግራሙን አጥፍታ አስነሣችው፣ ፋይሎቹን ደግማ ገለበጠች፣ መቅጃዋን ረገመች። በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ለአጎቷ ነገረቻቸው። እሳቸውም ሀይ አል-አንዳሉስ ሰፈር ውስጥ አንዲት የተማረች ሴት አለች፣ ላሳያት ብለው ሃርድ ዲስኩን በጥቁር ፌስታል ይዘውት ሄዱ። ቅዳሜ ጠዋት መለሱላት። «ሴትየዋ አልቻለችም» አሏት። በዚያኑ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ኢንቲሳር ራሷ አገኘችው። ከካሜራዎቹ አንዷ በሰከንድ የምትቀዳው ሙሉ ሠላሳ ምስል አልነበረም፤ ለሠላሳ የፀጉር ያህል ይጎድላታል። ፕሮግራሙ ግን ሙሉ ሠላሳ ነው ብሎ ያነብባታል፤ ስለዚህ ምስሉ ሳይታወቅ እየቀደመ በሰዓት አራት ሰከንድ ሊሞላ ምንም የማይቀረው ልዩነት ይፈጥራል። አንዲት ቁጥር ቀየረች፤ ሠርጉ በሙሉ ቦታው ገባ። ብቻዋን ሳቀች ያን ቀን።

እንግዲህ ይህ በስልክ የሚዞረው አርባ ሰከንድ ቁጥሯ ከመቀየሯ በፊት የተቆረጠ ነው። እሷ ደግሞ ከዚያ በፊት ከዚያ ሠርግ አንድ ሰከንድ እንኳ አላወጣችም፤ የተንሸራተተ ነገር ለማን ይወጣል? ግን ይህን ለማን ታሳየዋለች? ሃርድ ዲስኩ ባዶ ነው። በዚያ ቤት ደንብ፣ ቪዲዮው ሲያልቅ የሙሽራዋ እናት ትመጣለች፤ ከኤዲተሯ ጎን ትቀመጣለች፤ ያለቀውን በአንዲት ፍላሽ ትረከብና የቀረውን ሁሉ በገዛ ጣቷ ታጠፋዋለች። የረባብ እናት ሐጃ ጋሊያም ከዐሥር ቀን በፊት መነጽራቸውን አድርገው፣ ቢስሚላህ ብለው፣ የኢንቲሳርን ብቸኛ ምስክር በአመልካች ጣታቸው ደምስሰውታል።

የቀረ አንድ ነገር ነበር። መብራት በየሰዓቱ በሚጠፋበት ከተማ የሚሠራ ሰው ፕሮግራሙን አያምነውም። ኢንቲሳር ሥራዋን በየዐሥር ደቂቃው በራሱ እንዲያስቀምጥ፣ ሦስት መቶ እስኪሞላም አሮጌውን እንዳይጥል ከዓመታት በፊት አዝዛው ነበር። ዲስኩ ላይ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጡት እነዚህ ፋይሎች ምስል የላቸውም። የትኛው ምስል የት ተቆርጦ ከየትኛው ጋር እንደተገጠመ ብቻ ይናገራሉ፤ ወጡ የለም፣ አሠራሩ አለ። ስለዚህ ማንም አያጠፋቸውም፣ ማንም አያስታውሳቸውም። የመጨረሻውን ከፈተች። ሠርጉ በሙሉ ቀይ ሆኖ መጣ፤ ምስሉ የነበረበት ቦታ ሁሉ «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል ቀይ አራት ማዕዘን ነው። የረባብ መግቢያ ቀይ፣ ሒናው ቀይ፣ ጭፈራው ቀይ። የተቀጠለውን ቪዲዮ አድርጎ የሚያወጣውን «አውጣ» የሚል ቁልፍ ተጫነች። ፕሮግራሙ ሁልጊዜ የሚያደርገው ነገር አለ፤ ያንን ቁራጭ መጨረሻ ያወጣበትን ቦታ ያስታውስና አሁንም እዚያው ላድርገው ወይ ብሎ ያቀርባል። ያቀረበው የራሷን ፎልደር ነበር። ከዚያ በፊት ያለውን ከፈተች፤ የራሷን። ሌላ፤ የራሷን። ስድሳ ያህሉን ከፍታ ስትዘጋ ከፎቅ በታች የቀትር አዛን ተሰማ፤ ዐሥር ሰዓት እየቀረበ ነው። ቆማ ውሃ ጠጣች፤ አሰበች። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ራሷ አውጥታለች፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ የእሷን ነው የሚያስታውሱት። ከእኩለ ቀን በፊት ያለውን ነው የምትፈልገው፤ ዲስኩ፣ የሥራው ፋይልም አብሮት፣ ከአጎቷ እጅ የተመለሰበትን ጠዋት። ቅዳሜ፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ። ከፈተችው። ቀይ። «አውጣ»ን ተጫነች።

ፕሮግራሙ እሷ በሕይወቷ ያልረገጠችውን ቦታ አቀረበላት፦ «ፋኑስ ኮምፒውተር ጥገና፣ ነጂብ፣ የሐጅ ሙፍታህ ሙከራ፣ አርባ ሰከንድ»።

ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገለበጠች፤ ስክሪኑን በስልኳ ፎቶ አነሣችው፤ ወጣች።

ፋኑስ የሚባለው ሱቅ ራሺድ መንገድ ላይ፣ ከሻንጣ ሻጭና ከሰዓት ጠጋኝ መካከል የተሰነቀረ ጠባብ ቤት ነው። ነጂብ አርባ የተጠጋ፣ ትከሻው የጎበጠ፣ በብየዳ ጢስ ዐይኑ የቀላ ሰው ነበር። ማን እንደሆነችና ዐሥር ሰዓት ላይ ምን እንደሚጠብቃት ስትነግረው የያዘውን መበየጃ አጠፋና ወንበሩን ለቀቀላት፤ እሱ ቆመ። አልካደም። ሐጁ ዲስኩን ሲያመጡ የወንዶች ግብዣ ነው ብለውት ነበር። ከፍቶ ሲያይ ደነገጠ፤ መልሼ ልስጣቸው ወይ ብሎ አሰበ፤ ግን ገንዘቡን ተቀብሎ ነበር። ስለዚህ የጫማ ካርቶን ቆርጦ፣ የስክሪኑን የላይኛውን ግማሽ በፕላስተር ሸፈነው። የድምፁ ሞገድ የሚታየው ከታች ነው፤ እሱን ብቻ እያየ ሠራ። «ወላሂ እህቴ፣ ከጉልበት በላይ አላየሁም» አለ፤ ካርቶኑንም ከጠረጴዛ ሥር አውጥቶ አሳያት፤ አሁንም ፕላስተሩ አለበት። ኢንቲሳር በዚያ ቀን ያየችው አንድ ሐቀኛ ነገር ያ ካርቶን ነበር። ግን አርባ ሰከንዷን ሐጁ መጥተው እንዲያዩ ብሎ ቆርጧት የኮምፒውተሩ መክፈቻ ገጽ ላይ ተዋት። ሐጁ ሳይመጡ ሐሙስ አለፈ፣ ዐርብ አለፈ። በዚያ ኮምፒውተር ወረቀት የሚያሳትም፣ ፍላሽ የሚሰካ፣ ዘፈን የሚያስገለብጥ ሁሉ ይቀመጥበታል። ማን እንደወሰዳት አያውቅም። ሐጁ ይህን ሁሉ ያውቃሉ ወይ ብላ ጠየቀችው።

«ትናንት ጠዋት መጥተው አጥፋው አሉኝ። አጠፋሁት። ከዚያ ስለ ሴት ልጆቼ ጤንነት ጠየቁኝ።» ካርቶኑን ወደ ጠረጴዛው ሥር መለሰና፦ «ዐሥር ሰዓት ላይ ና እንዳትይኝ እህቴ። የሙሽራዋ ወንድም ይሄን ሱቅ ከነ እኔ ያቃጥለዋል።»

አልለመነችውም። ይህ ሰው ግማሽ ስክሪን ሸፍኗል፤ ሌላውን ግማሽ መሸፈን የነበረባቸው አደራ ተቀባዩ ሐጁ ናቸው።

ለምሳ ቤት ደረሰች። እናቷ፣ መብሩካ፣ ምባክባካውን በጥልቅ ሳህን አውጥተው ጠበቋት፤ በቅመም የቀላ የፓስታ ሾርባ፣ ሥጋው በእሷ በኩል። ይህ ሥጋ በእሷ በኩል የሚሆነው ስትታመም ብቻ ስለሆነ፣ አጎቷ ቀድመው እንደደወሉ ገባት። አንድ ሳህን ከሁለት ወገን ይበላሉ፤ ማንኪያው ይሰማል፣ የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ይሰማል። ግድግዳው ላይ የአባቷ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ ሐጅ ሙፍታህ የገዙት ቴሌቪዥን። እናትና ልጅ ስለ ቲማቲም መወደድ አወሩ፤ ጎረቤት ስላስገባው የውሃ ታንከር አወሩ። ኢንቲሳር ስልኳን አውጥታ የስክሪኑን ፎቶ ከሳህኑ ጎን አኖረችው። መብሩካ ማንበብ ቀስ ይላሉ፤ «ሙፍታህ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ጣታቸው ቆመ። ስልኩን ሳያነሡ፣ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ወደ ልጃቸው ገፉት።

«አባትሽ ሲሞት ይህን በር ያንኳኳው እሱ ብቻ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ እማ።»

«ወንድም ሌላ የለኝም።»

«ልጅስ ሌላ አለሽ?»

መብሩካ ተነሥተው ያልቆሸሸ ድስት ማጠብ ጀመሩ። ልጃቸው ጫማዋን ስታደርግ ግን ወደ በሩ መጥተው ጥቁሩን ሻሽ ከራሷ ላይ አነሡና የራሳቸውን፣ ለዒድ የሚያደርጉትን ነጩን አሰሩላት። ኢንቲሳር ፈጥና ወጣች፤ ብትናገር ሁለቱም እዚያው ይቀሩ ነበር።

ዐሥር ሰዓት ላይ ወርቃማዎቹ ወንበሮች ተሞልተው ነበር። ሐጃ ጋሊያ ቦርሳቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው፣ የረባብ ወንድም ተውፊቅ፣ የወንበሩን ክንድ እያንኳኳ በሩን ያያል። ሐጅ ሙፍታህ የለውዝ ሻይ አቅርበዋል። ኢንቲሳር ስትገባ ንግግራቸውን አላቋረጡም። ደም ከሃይማኖት እንደማይበልጥ፣ የእህቱን ልጅ የሚቀጣ ሰው ምን ያህል ልቡ እንደሚደማ እያስረዱ ነበር። ተውፊቅ ተነሣ። ሐጃ ጋሊያ በሁለት ጣት ቀሚሱን ይዘው አስቀመጡት።

ኢንቲሳር ሐጃ ጋሊያን ብቻ ወደ ኋለኛው ክፍል ጠራቻቸው፤ እንደዚያ ቀን ከጎኗ አስቀመጠቻቸው። ቁጥርና ሰከንድ አላበዛችባቸውም። ቪዲዮውን ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማቻቸውና እጁንና ከበሮውን እንዲያዩ ለመነቻቸው። ሴትየዋ የልጃቸውን ጭፈራ በሌላ ሰው ስልክ ሲያዩ ፊታቸው እንደ ኖራ ነጣ፤ ግን አላዞሩትም። እርስዎ ቤት ባለው ፍላሽ ላይ ከበሮው እንዲህ ይዘገያል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አይዘገይም፣ አሉ፤ ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ። ከዚያ ቀዩን ሠርግ ከፈተችላቸው፣ «አውጣ»ን ተጫነች፤ ሐጃ ጋሊያ መነጽራቸውን አድርገው የቀረበውን የፋይል አድራሻ ቃል በቃል አነበቡ። «ነጂብ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ወደ ፊተኛው ክፍል ወጡና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ቆሙ።

«ሐጅ፣ ግድግዳው ላይ የሰቀሉት ምን ይላል?»

ሐጅ ሙፍታህ ይህ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው፣ ኮምፒውተር ደግሞ ያሻውን ይጽፋል አሉ። ስለ ሰይጣን ጥቂት ተናገሩ። ተውፊቅ አሁን የሚያየው ኢንቲሳርን አልነበረም። ያን ጊዜ የሐጅ ሙፍታህ ድምፅ ወደ ቅናሹ ድምፅ ተመለሰ። የቪዲዮውን ገንዘብ እንደሚመልሱ፣ ገጹ ላይ የጻፉትንም ዛሬውኑ እንደሚያጠፉት፣ ነገሩን ግን እነሱ አራቱ ብቻ አውቀውት ቢቀር ለሁሉም እንደሚሻል ነገሯቸው።

«ልጄን ያያት አራት ሰው ነው?» አሉ ሐጃ ጋሊያ። «በገዛ ጣቴ አጠፋሁት ብዬ ማልኩላት እኮ። በእርስዎ ቃል ነው የማልኩት። ዛሬ ልጄ ፊቴን ማየት አትፈልግም።»

ሐጅ ሙፍታህ ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ፤ የቀራቸው የመጨረሻ በር እሷ ነበረች። እናትሽን አስቢ አሏት።

ኢንቲሳር የእናቷን ነጭ ሻሽ አስተካከለች። ማዶ ሄዳ መስኮት የሌለው ክፍሏ ውስጥ ተቀመጠች። በዚያች ከተማ ሴት ገጽ ላይ ስትጽፍ በአበባ ስም ነው የምትጽፈው፣ የእገሌ እናት እያለች ነው የምትጽፈው፤ እሷም ዐሥራ አንድ ዓመት የጻፈችው በአበባ ስም ነበር። አበባውን አጠፋችው። ከአጎቷ አራት መስመሮች ሥር፣ ከስድስት መቶዎቹ በታች፣ የሙሽራዪቱንና የጠጋኙን ስም ሳትጠቅስ፣ የራሷን ግን እስከ አያቷ ጽፋ እንዲህ አለች፦

«እኔ ኢንቲሳር ሳሊም ዐምራን፣ በዚህ ቤት ምስል የምቀጥለው ሴት ነኝ። ዐርብ ዕለት ‹አንቺ ነሽ?› ብላ ለጠየቀችኝ፦ እኔ አይደለሁም እህቴ፤ የዘገየሁት ማስረጃ ስፈልግ ነው፤ ማስረጃውንም እናትሽ በዐይናቸው አይተውታል። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ሐጅ ሙፍታህ፣ አደራ የተባሉትን ዲስክ በጥቁር ፌስታል ይዘው ወጥተው ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ለማን ሰጡት? ያ ሰው ሴት ነበር ወይስ ወንድ? ትናንት ቅዳሜ ጠዋት እሱ ዘንድ ሄደው ምን አስጠፉ፤ በዚያው ቀንስ እዚህ ገጽ ላይ ማንን ከሰሱ? አይደውሉልኝ። እናቴ ዘንድ አይላኩብኝ። ክሱን ያነበበ ሁሉ መልሱን ያንብብ፤ የጻፉት እዚህ ነው፣ እዚሁ ይመልሱ።»